የተስፋዬ ኡርጌሳ ሰዎች

በ2024 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢዬናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን (አገራዊ ማሳያ) ከፈተች። ቢዬናሌው ከ1895 ጀምሮ የሚካሄድ፣ ከዓለም ታላላቅ የሥነ ጥበብ መድረኮች አንዱ ነው፤ እኛ የደረስነው ለ60ኛው ነው። ይዘን የሄድነውም አንድ ሰዓሊ፣ ተስፋዬ ኡርጌሳን ነበር።

ፓቪሊዮኑ ባረፈበት በፓላዞ ቦላኒ ግድግዳዎች ላይ የተሰቀሉት ሸራዎች የውጭ ጎብኚ ከኢትዮጵያ የሚጠብቃቸው ዓይነት አልነበሩም። አገር ለማስተዋወቅ የተሳለ ነገር የላቸውም። ያለው ሰው ነው፤ ሰው ብቻ።

የተስፋዬን ሸራ ቀርቦ ማየት ጊዜ ይጠይቃል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ይህ እግር የማን ነው ብሎ የሚከተል ዓይን መሀል ላይ ይጠፋበታል፤ ከአንዱ ወገብ የተነሳ ጭን ሌላው ጉልበት ጋር ሲደርስ ይቀላቀላል። ቆዳቸው አንድ መልክ የለውም። ግራጫው፣ ሮዙ፣ የሸክላ አፈር የሚመስለው ቡኒ በላይ በላዩ ተቀብቷል፤ ቦታ ቦታ ላይ ደግሞ ተፍቆ ከሥር ያለው ቀለም ይታያል። ብዙዎቹ እርቃናቸውን ናቸው፤ ግን ማንንም ለማማለል አይደለም። ሰውነታቸው የደከመ፣ የኖረ፣ የተሸከመ ነው።

ዓይናቸው ግን አልደከመም። ቀጥ ብለው ተመልካቹን ያያሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሥዕል ትውፊት ጻድቃን ፊታቸው ወደ ምእመኑ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን እያየ ያደገ ሰው የተስፋዬ ሰዎች ፊት ለፊት ሲያፈጡበት ሰዓሊው ምን ክብር እንደሰጣቸው ለመረዳት አይቸገርም።

ተስፋዬ በ1983 አዲስ አበባ ተወለደ። የተማረው ሰዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1958 ባቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ካስተማሩት አንዱ የጉሊት ሴቶችን በሸራ ላይ እንደ ምሰሶ አቁመው የሚስሉት ታደሰ መስፍን ናቸው። ቲማቲምና ሽንኩርት ደርድራ የምትውል ሴት ለትልቅ ሸራ እንደምትበቃ ያሳዩ መምህር ናቸው። የተማሪያቸው አሳሳል ከእሳቸው ፈጽሞ ይለያል፤ ሰውን ከምንም ነገር በላይ የማስቀደሙ ልማድ ግን አንድ ነው።

ከዚያ ጀርመን ሄዶ በሽቱትጋርት የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፤ በዚያች አገር 13 ዓመት ኖረ። በ2015 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ጀርመን ሲገቡ እዚያው ነበር። ስደተኛ በዜና ቁጥር ሆኖ በሚወራበት ሰዓት እሱ ፊትና እግር፣ ጫማና አልጋ ያለው ሰው አድርጎ ሳለው። የቬኒሱ አውደ ርዕይም ርዕሱ «ጭፍን ፍረጃና ወገንነት» ነበር። የአውደ ርዕዩ አጋፋሪ (ኩሬተር) ገጣሚው ለምን ሲሳይ መሆኑ ደግሞ ተገቢ ነበር፤ ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ተወልዶ ከእናቱ ተነጥሎ ያደገ ሰው የማን ወገን መሆን ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

የውጭ ጸሐፊዎች ስለ ተስፋዬ ሲጽፉ ሰዓሊዎቹን ሉሲያን ፍሮይድንና ፍራንሲስ ቤከንን ያነሳሉ። ልክ ናቸው፤ የሥጋው አሳሳል ከእነሱ ጋር ዝምድና አለው። ነገር ግን እዚያ ላይ ከቆሙ ግማሹን ነው ያዩት። እኔ እንደማምነው የዚህ ሰው መሠረት አዲስ አበባ ላይ ተጥሏል፤ አውሮፓ የሰጠው ቁጣውንና ድፍረቱን ነው።

የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሙዚየም በ2018 ለብቻው አውደ ርዕይ አዘጋጀለት። ሥራዎቹ በለንደን ሳቺ ዬትስ ጋለሪ በኩል ይሸጣሉ። እሱ ራሱ በ2022 ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገብቷል። ሰውየው ተመለሰ፤ ሥዕሎቹ ግን እየወጡ ነው።

ውጭ ተምሮ መመለስ አዲስ አይደለም። ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን ተምሮ ተመልሷል፤ ኋላም ተሰድዶ በ1981 አሜሪካ ሞተ። ጀርመን የነበሩ ሥራዎቹ አገራቸው ገብተው፣ በስሙ የተሰየመው ዘመናዊ ሙዚየም በስድስት ኪሎ የተከፈተው በ2008 ነው፤ እሱ ካረፈ ከ27 ዓመት በኋላ። ለአንድ ታላቅ ሰዓሊ ይህን ያህል መዘግየታችን ያሳዝነኛል፤ ለሁለተኛው ከደገምነው ግን ጥፋቱ በማወቅ የተሠራ ይሆናል።

ተስፋዬ በሕይወት አለ፣ እየሠራ ነው፣ የሚኖረውም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የቱሪዝም ሚኒስቴርና ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሚገነቡት ባንኮቻችን ተነጋግረው ከሥራዎቹ ጥቂቱን እንኳ ይግዙና ማንም ገብቶ ሊያያቸው በሚችልበት ግድግዳ ላይ በቋሚነት ይስቀሉ። ዋጋቸው ከዓመት ዓመት ሊጨምር ይችላልና ዛሬውኑ ይጀመር።