ያውቁ ኖሯል? ማቅለሚያ እንጨቱን አይሸፍነውም

የቅባት ቀለም በእንጨቱ ላይ ይለጠፋል፤ ማቅለሚያ ግን በውሃ ወይም በአልኮል ሟሙቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በእጅ የተሠራ የእንጨት መብራት ደማቅ ሰማያዊ ሆኖም የእንጨቱ መስመር ቁልጭ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። በአግድም የተቆረጠው ጫፍ ብዙ ስለሚጠጣ ከጎኑ ይልቅ ይጠቁራል። ውሃው ደግሞ የእንጨቱን ቃጫ አስነስቶ ገጹን ያሻክረዋል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው ያረጥቡትና ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል።

ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ የተገኘው በአጋጣሚ ነው፦ በ1856 እ.ኤ.አ. የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊሊያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት ሊሠራ ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም ወጣለት!

ብዙ ማቅለሚያዎች ፀሐይ አይወዱም፤ ይደበዝዛሉ። ቢጫማ አምፖልም ሰማያዊን ያደፈርሳል። ስለዚህ በቅድሚያ ከዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ ይሞክሩና በሚጠቀሙበት አምፖል ብርሃን ይዩት።