ያውቁ ኖሯል? ፓስፖርት፣ ፆታና የኬላ ጣጣ

አሜሪካ ፓስፖርቷ ላይ «ወንድ» ወይም «ሴት» ብላ መጻፍ የጀመረችው መቼ ይመስልዎታል? የዛሬ 200 ዓመት? በአንደኛው የዓለም ጦርነት? የለም! በ1970ዎቹ ነው! (እዚህ የሚያነቡት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሰው ጨረቃን ረግጦ ከተመለሰ ዓመታት አልፈው ነበር እኮ!

ሰበቡ ደግሞ ፀጉር ነው! ወንዱ ፀጉሩን አሳደገ፤ ሴቷ ሱሪ ታጠቀች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ለበሰ። የጉዞ ሰነድ ባለሙያዎችም ፎቶ ብቻ አይቶ መለየት አስቸገረ ብለው ፊደሏን ጨመሯት። የጎፈሬና የቤልቦተም ዘመን አለፈ፤ ፊደሏ ግን ቀረች!

ከዚያ በፊትስ? ክርስቲን ጆርገንሰን በአሜሪካ ጦር ውስጥ በወታደርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ወንድ ተብለው ዴንማርክ ገቡ፤ ሴት ሆነው ወጡ! በ1952 ኮፐንሃገን የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲሱ ስማቸው ፓስፖርት ሰጣቸው። የፆታ ፊደል ስላልነበረች የምትሰረዝም አልነበረችም! አምባሳደሯ ዩጂኒ አንደርሰን ነበሩ፤ እሳቸውም በአምባሳደርነት የተሾሙ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት!

በፌብሩዋሪ 1953 ክርስቲን ኒውዮርክ ሲያርፉ ጋዜጠኛው አየር ማረፊያውን አጥለቀለቀው! ያን ሁሉ ውቅያኖስ ያለ ችግር አቋርጠው ገቡ። በ1959 ሊያገቡ ሲሉ ግን የጋብቻ ፈቃድ ተከለከሉ። የልደት ምስክር ወረቀታቸው «ወንድ» ይላላ!

ወደ ኋላ እንሂድ! ሼቫሊየ ዴዮን የፈረንሳይ ንጉሥ ሰላይ፣ ዲፕሎማትና ሰይፍ አዋቂ ነበሩ። ለንደን ሲኖሩ ሕዝቡ «ወንድ ናቸው፣ ሴት ናቸው» እያለ በገንዘብ ይወራረድ ነበር! ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርዱም «ሴት» ሆነ! በ1777 አገራቸው ሲገቡ የንጉሡ ትእዛዝ ምን ነበር? ቀሚስ እንዲለብሱ! የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው፣ በቀሚስ ቤተ መንግሥት ቀረቡ። በ1810 ሲሞቱ ደግሞ ሐኪሞች አስከሬናቸውን መርምረው «ወንድ» አሉ! ከዚህ በላይ ልብ ወለድ ማን ይጽፋል?

በበርሊን ከ1909 ገደማ ጀምሮ ፖሊስ አንድ የይለፍ ወረቀት ይሰጥ ነበር። ለጋሪ አይደለም፣ ለመኪና አይደለም፤ ለልብስ! የያዘው ሰው የተቃራኒ ፆታ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ቢገኝ እንዳይታሰር! ከጀርባው የነበሩት ሐኪሙ ማግነስ ሂርሽፌልድ ናቸው። በ1933 ናዚዎች ተቋማቸውን ዘርፈው መጻሕፍቱን አደባባይ ላይ አቃጠሉ።

ማይክል ዲሎን እንግሊዛዊ የመርከብ ሐኪም ነበሩ። ሲወለዱ ሴት ተብለው ተመዝግበው ነበር፤ በ1944 የልደት መዝገባቸውን «ወንድ» አስባሉ። ሰነድ ተሟላ! ታዲያ በምን ተጋለጡ? የመኳንንትን የዘር ሐረግ በሚዘረዝሩ ሁለት መጻሕፍት! አንዱ መጽሐፍ የባላባቱ ወንድም ይላቸዋል፤ ሌላው እኅት! በ1958 መርከባቸው ባልቲሞር ወደብ ቆማ ሳለ ጋዜጠኞች ደረሱባቸው። እሳቸውም ወደ ህንድ ሄደው ከቡድሃ መነኮሳት ጋር ኖሩ!

ሮቤርታ ካውል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። በጀርመኖች ተማርከዋል። የመኪና እሽቅድምድምም ተወዳድረዋል። በ1951 ቀዶ ሕክምና አድርገው በሴትነት ኖሩ! ከቀዶ ሕክምናዎቹ አንዱን በድብቅ የሠራላቸው የሕክምና ተማሪ ማን ይመስልዎታል? ያው ማይክል ዲሎን!

የኤቨረስት ተራራ ጫፍ መደፈሩን በ1953 ለዓለም ያበሰሩት ጋዜጠኛ ጃን ሞሪስ ናቸው። ከወንድነት ወደ ሴትነት ሲሸጋገሩ በነበሩባቸው ዓመታት አሜሪካ አየር ማረፊያ ፍተሻ ጋ ሲደርሱ ፖሊሱ ጌታዬ ይበላቸው እመቤቴ አያውቁም ነበር! ለሁለቱም መልስ አሰናድተው ይሰለፉ እንደነበር በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከዋል።

አሁን ወደ ዛሬው አየር ማረፊያ! ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ፆታ በተለየ ፆታ የሚኖሩ ሰዎች ትራንስጀንደር ይባላሉ። መታወቂያቸውን እስኪቀይሩ ድረስ ፊታቸው ሌላ፣ ወረቀታቸው ሌላ ነው። ቲኬቱ የሚቆረጠው ደግሞ በወረቀቱ ስም ነው! ስሙ በእንግሊዝኛ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎበት መሳፈሪያ በር ላይ ላብ ያጠመቀው አበሻ ይህን ጭንቀት በከፊል ያውቀዋል። እነሱ ግን በስሙ ላይ መልኩም ይጨመርባቸዋል!

ከ2009 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ወይም በአሜሪካ ውስጥ ለመብረር ሙሉ ስምዎን፣ የልደት ቀንዎንና ፆታዎን አስቀድመው መስጠት ግድ ሆነ። ገና ሻንጣ ሳይዘጋጅ ፆታዎ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ጋር ሲመሳከር ያድራል!

የአሜሪካን አየር ማረፊያ የፍተሻ ማሽን ጉድ ደግሞ ይስሙ! ጫማ ይወልቅ፣ እግር ይከፈት፣ እጅ ከራስ በላይ ይነሣ ነበር። ፈታሹ ደግሞ ከውጭ ሆኖ አንድ ቁልፍ ይጫን ነበር፤ ሮዝ ወይም ሰማያዊ! ፓስፖርት አይቶ አይደለም፣ መልክዎን ገምቶ ነው! ማሽኑም በተጫነው ቀለም ልክ የሴት ወይም የወንድ ገላ ይጠብቅ ነበር። ያልጠበቀውን ካገኘ በስክሪኑ ላይ ባለው የሰው ምስል ደረት ወይም ጭን መሐል ቢጫ ሣጥን ይበራ ነበር! ሰውየው የያዘው ነገር አልነበረም። ጥፋቱ የቁልፉ ነበር! የሚዳበሰው ግን ሰውየው ነበር።

በ2015 አንዲት የቴሌቪዥን ጸሐፊ ኦርላንዶ አየር ማረፊያ ላይ በዚሁ ቢጫ ሣጥን ምክንያት ተይዘው በረራቸው አመለጣቸው። ታሪኩን እዚያው ሆነው በትዊተር አስተላለፉት! በ2023 አሜሪካ ማሽኖቿን ሮዝና ሰማያዊ በማይጠይቅ አዲስ ፕሮግራም መለወጥ ጀመረች። ማሽኑ ያለ ቁልፉም መሥራት ቻለ! ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን?

ካናዳ ደግሞ በ2011 አየር መንገዶቿን ምን ብላ እንዳዘዘች ያውቃሉ? የተሳፋሪው መልክ በመታወቂያው ላይ ካለው ፆታ ጋር የማይመሳሰል ከመሰላችሁ አታሳፍሩ! ወንድ መምሰልና ሴት መምሰልን በሕግ!

መድኃኒቱም ጣጣ አለው! ወንድ ሆነው ከሚኖሩት ብዙዎቹ ቴስቶስትሮን ይወስዳሉ፤ በአሜሪካ ሕግ ከ1991 ጀምሮ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ሴት ሆነው ከሚኖሩት ብዙዎቹ የሚወስዱት ኤስትሮጅን ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም! ሁለቱ ጎን ለጎን ቢጓዙ የቁጥጥር ሕጉ የሚመለከተው የአንዱን ቦርሳ ብቻ ነው።

በ2010 አሜሪካ ቀዶ ሕክምና ሳይጠየቅ በሐኪም ደብዳቤ ብቻ ፓስፖርት ላይ ያለውን ፆታ መቀየር ፈቀደች። ሽግግር ላይ ላሉት ደግሞ ለ2 ዓመት ብቻ የሚያገለግል ፓስፖርት! መንገድ ላይ ላለ ሰው የመንገድ ፓስፖርት!

ሕንድ በ2005 የፓስፖርት ማመልከቻዋ ላይ ሦስተኛ ሣጥን ጨምራለች! ኔፓል በ2015 «ሌላ» የሚል ፊደል አተመች! ፓኪስታን በ2017 ከወንድና ከሴት ውጭ ለሆነ ፆታ «ኤክስ» ሰጠች! ካናዳ የደረሰችው በ2019፣ አሜሪካ በ2021 ነው። ፓኪስታን አሜሪካን ቀደመች!

ይባስ ብሎ የዓለም የፓስፖርት አሠራር የሚደነገገው የት ነው? ሞንትሪያል፣ ካናዳ! የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪየሽን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ድርጅቱ «ኤክስ» ይቻላል ሲል ስንት ዓመቱ! አገሪቱ ደጇ ላይ ያለውን ደንብ እስክትጠቀምበት ድረስ ቆየች!

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲስ? እሷ ከፌደራሉ መንግሥት ቀድማ በ2017 መንጃ ፈቃድ ላይ «ኤክስ» መስጠት ጀምራለች! ከተማው አንድ፣ ሕጉ ሁለት!

የአሜሪካው «ኤክስ» ፓስፖርት ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። የመጀመሪያው በኦክቶበር 2021 ተሰጠ፤ በጃኑዋሪ 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ መሰጠቱ ቆመ። አዲስ የሚወጣ ፓስፖርትም ሲወለዱ የተመዘገበውን ፆታ ብቻ እንዲይዝ ታዘዘ። ከረጅም ዓመታት በፊት ሰነዳቸውን ቀይረው የጨረሱ ሰዎችም ፓስፖርት ሲያሳድሱ ፊታቸው ሌላ፣ ወረቀታቸው ሌላ ወደሆነበት ሰልፍ ተመለሱ! ክርክሩ ገና ፍርድ ቤት እያለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2025 ትእዛዙ እንዲሠራ ፈቀደ።

ወረቀት መቀየር ሁልጊዜ ያድናል? አያድንም! ካናዳዊቷ የዩቲዩብ ዝነኛ ጂጂ ጎርጀስ በ2016 ዱባይ አረፉ። ፓስፖርታቸው «ሴት» ይላል። እንዲያም ሆኖ ለሰዓታት ተይዘው ወደ አገሩ ሳይገቡ ተመለሱ! ያልተለወጠ ሰነድ ይዞ የሄደ ምን ሊገጥመው ነበር?

ኢራንን ደግሞ ይመልከቱ! አያቶላ ኾሜይኒ በ1980ዎቹ ፆታ የሚቀይረውን ቀዶ ሕክምና በፈትዋ ፈቀዱ። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ መንግሥት አዲስ መታወቂያ ይሰጣል! ግብረ ሰዶም በሞት በሚያስቀጣበት በዚያው አገር!

ስዊድን በ1972 ፆታን በሕግ መቀየር የፈቀደች የመጀመሪያዋ አገር ናት። ዋጋው ምን ነበር? መምከን! ልጅ መውለድ የማይችል ካልሆነ አዲስ ሰነድ የለም። እስከ 2013! በ2018 መንግሥት ለእያንዳንዱ ተጎጂ 225,000 ክሮነር ካሣ ወሰነ።

ፊደሏን ብቻ ቀይሮ የማይገላገልም አለ! በስዊድን የግል ቁጥር ውስጥ መጨረሻ ከምትገኘው አኃዝ በፊት ያለችው ለሴት ሙሉ፣ ለወንድ ጎዶሎ ናት። በደቡብ አፍሪካ 13 አኃዝ ባለው የመታወቂያ ቁጥር ሰባተኛው ከ0 እስከ 4 ከሆነ ሴት፣ ከ5 እስከ 9 ከሆነ ወንድ! ፆታ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ባንክ፣ ስልክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም እንደ አዲስ!

ታይላንድ በዚህ ቀዶ ሕክምና በዓለም የታወቀች ናት። የራሷ ትራንስ ሴቶች ፓስፖርት ግን «አቶ» እንዳለ ነው! በ2011 ፒሲ ኤር የሚባል አየር መንገድ ትራንስጀንደር አስተናጋጆች ቀጠረ። የኢሚግሬሽን ሰዎች ግራ እንዳይጋቡም «ሦስተኛ ፆታ» የሚል የወርቅ ቀለም ባጅ ታሰበላቸው!

አውቶቡስም አልቀረለትም! በፊላዴልፊያ የወር ትኬት ላይ እስከ 2013 ድረስ የወንድ ወይም የሴት ተለጣፊ ይለጠፍ ነበር። ሾፌሩ ካላመነ ትኬትዎ ዋጋ አልነበረውም! የትኬቱ ስም ምን ነበር? ትራንስፓስ!

በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬን ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶች ከአገር እንዳይወጡ ከለከለች። ሰነዳቸው «ወንድ» የሚል ትራንስ ሴቶች ድንበር ድረስ ሄደው ተመለሱ። አንዲት የፆታ ምልክት ቦምብ ከሚወርድበት አገር አላስወጣም አለች። እዚህ ላይ የቃለ አጋኖው ደስታ ይቅርብኝ።

አፍሪካም አለችበት! በ2017 የቦትስዋና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወንድ ሆነው ለሚኖሩ አንድ ሰው መታወቂያቸው ይቀየር ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት ለአንዲት ትራንስ ሴትም ደገመው!

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ድንበር ሲሻገሩ ፆታዎ ሊለወጥ ይችል ነበር! በእንግሊዝ ወንድ መሆናቸው በሕግ የጸደቀላቸውን ሰው ሩማኒያ ሴት ናቸው አለች። በኦክቶበር 2024 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሩማኒያ ለውጡን እንድትቀበል ወሰነ። ያው ፍርድ ቤት በጃኑዋሪ 2025 ምን አለ? የባቡር ትኬት ለመሸጥ «ክቡር» ወይም «ክብርት» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም!

የጀርመን መታወቂያ ላይ ፆታ የትኛው መስመር ላይ ነው? የትም! የለም! ሚሊዮኖች ያለ ፊደሏ ወጥተው ይገባሉ።

የመጨረሻዋን ግን በእጅዎ ይሞክሯት! የፓስፖርትዎ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ እያንዳንዱ 44 ምልክት። በሁለተኛው መስመር 21ኛዋ ፆታዎ ናት! ማሽኑ የፓስፖርት ቁጥርዎን፣ የልደት ቀንዎንና ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን በማረጋገጫ አኃዝ እያሰላ ይመረምራል። ያቺን 21ኛዋን ግን ይዘላታል! በስሌቱ ውስጥ የለችም! አላመኑኝም? ፓስፖርትዎን ያውጡና ይቁጠሩ!