ለጥልቅ ውሃ ዓሣ ማጥመጃ ስለሚያገለግለው ትልቅ ሳንቃ

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳርቻ በሚገኙት ከተሞች፣ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች ውስጥ የልጅ መጫወቻ የሚመስል፣ ብጫ ወይም ብርቱካን ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ሳንቃ ይታያል። በእንግሊዝኛ «ፕሌነር ቦርድ» ይሉታል። ትንሽና ትልቅ ዓይነት ስላለው፣ የዋጋውን ማነስ ብቻ ተመልክቶ ትንሹን በብዛት የሚያስመጣ ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። የዚህም ምክንያት የሚገኘው በዕቃው አሠራር ነው።

በእነዚህ ሐይቆች የሚያጠምዱት ሰዎች ጀልባቸውን በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ እየነዱ፣ ማባበያና መንጠቆ ያለበትን ሲባጎ ከኋላ ይጐትታሉ። ሲባጎዎቹ ሁሉ በጀልባው ኋላ ብቻ ቢለቀቁ እርስ በርሳቸው ይተበተባሉ፤ ዓሣውም ከጀልባው ሸሽቶ ወደ ጎን ይርቃል። ስለዚህ ሳንቃው በራሱ በሲባጎው ላይ ይቆነጠጣል። በታችኛው ጠርዙ ክብደት ስላለበት በውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የፊቱ ጫፍ በሰያፍ የተቈረጠ በመሆኑም ጀልባው ሲጐትተው ውሃው እየገፋ ወደ ውጭ ይወስደዋል። በሚቺጋን ግዛት ለአንድ ሰው እስከ 3 ዘንግ ስለሚፈቀድ፣ አራት ሰዎች የተሳፈሩበት ጀልባ 12 ሲባጎ ሊጐትት ይችላል፤ ይህን ሁሉ ያለ ሳንቃ ለይቶ መያዝ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በበጋ ነው። የላይኛው ውሃ ሲሞቅ፣ ቀዝቃዛ የሚወደው ሳልሞን ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አጥማጁም እርሱን ለመከተል ከባድ መስመር ይለቃል። አንደኛው በውስጡ እርሳስ ያለበትና ርዝመቱ እንዲታወቅ በየ9 ሜትሩ ገደማ ቀለሙ የሚለዋወጠው ሲባጎ ነው፤ ሁለተኛው የመዳብ ሽቦ ነው። እንደ ጀልባው ፍጥነት የሚለያይ ቢሆንም፣ ሽቦው ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወደ ታች ይሰጥማል፤ 90 ሜትር ቢለቀቅ 18 ሜትር ግድም ማለት ነው። ይህን ሸክም ትንሹ ሳንቃ አይችለውም። ወደ ኋላ ይጐተታል፣ አፍንጫው ይጠልቃል፣ ከጎረቤቱ ሲባጎ ጋር ይጠላለፋል። ገዢውም ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ትልቁ ሳንቃ ግን ውሃው የሚገፋው ጎኑ ሰፊ፣ የመንሳፈፍ ኀይሉም ብዙ ስለ ሆነ ሸክሙን ይዞ ወደ ጎን ለመውጣት ይችላል።

ሻጩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ሽቦው ከተጣጠፈ በተጣጠፈበት ስለሚበጠስ፣ ሳንቃው በሽቦው ላይ አይቆነጠጥም፤ ሽቦው በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ ከእርሱ ቀጥሎ በሚመጣው ተራ ሲባጎ ላይ ይያዛል። መቆንጠጫው ደካማ ከሆነ ትልቅ ዓሣ ሲነክስ ሳንቃው ተላቅቆ በሐይቁ ላይ ይቀራል፤ ደንበኛውም የሚያማርረው መቆንጠጫውን ሳይሆን መደብሩን ነው። ደግሞም አብዛኛው ሳንቃ የግራና የቀኝ ተብሎ የተለየ ነው። የቀኙን ብቻ ያከማቸ ነጋዴ አንድ እግር ጫማ እንደ ያዘ ይቈጠራል።

ይህ ንግድ የቆመው በዓሣው ላይ ነው። ከባሕር የገባው ላምፕሬይ የተባለው ደም መጣጭና ከልክ ያለፈ ማጥመድ የሐይቆቹን ነባር ትራውት እጅግ ካመናመኑት በኋላ፣ የሚቺጋን ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ኮሆ፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ቺኑክ የሚባሉትን የሳልሞን ዓይነቶች በወንዞቹ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሠሪውም፣ ዕቃ ሻጩም፣ ባለሆቴሉም ተጠቀመ። ይሁን እንጂ በሂውሮን ሐይቅ ሳልሞኑ የሚመገበው አልዋይፍ የተባለው ትንሽ ዓሣ ከ2003 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እጅግ ስለ ተመናመነ፣ የቺኑክ ማጥመድም አብሮ ወደቀ። በአንጻሩ በዚያው ሐይቅ በሳጊኖ ባሕረ ሰላጤ ዋልአይ የሚባለው ዓሣ በዛ። ዋልአይ በአመዛኙ ጥልቀቱ ባነሰ ውሃ፣ በቀላል ሲባጎ የሚጠመድ በመሆኑ ትንሹ ሳንቃ ይበቃዋል። ሳልሞን ባለበት በሚቺጋን ሐይቅ በኩል ግን ለመዳቡ ሽቦ የሚጠየቀው ትልቁ ነው። ስለዚህ ወደዚያ አገር ዕቃ የሚልክ ነጋዴ፣ ትእዛዙን ከመቀበሉ በፊት ገዢው የየትኛው ሐይቅ ሰው እንደ ሆነ ይጠይቃል።