ስለ ስኳር በሽታና በደም ውስጥ ስለሚታዩት አንቲቦዲዎች

አንደኛው ዐይነት የሚባለው የስኳር በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚይዝ ሲሆን፥ መነሻው ጣፋጭ ማብዛት አይደለም። ይህን አስቀድመን የምናስታውቀው ልጃቸው የታመመባቸው ወላጆች በከንቱ ራሳቸውን ሲወቅሱ ብዙ ጊዜ ስለ ሰማን ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ከውጭ የሚገባውን ተሕዋስ የሚዋጋ የመከላከያ ኀይል አለ። ይህ ኀይል አንዳንድ ጊዜ ይሳሳትና በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋል፤ ዘበኛ የቤቱን ጌታ ሌባ መስሎት እንደሚደበድብ ማለት ነው። ድብደባውን በዋናው የሚያደርሱት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲሆኑ፥ በደም ውስጥ የሚገኙት አንቲቦዲዎች ግን እሳት መኖሩን እንደሚያስታውቅ ጢስ ናቸው። ይህን ጢስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. በለንደን ቦታዞና ዶኒያክ የተባሉ ሊቃውንት ከባልደረባቸው ጋራ ሆነው ገለጡት። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም አንቲቦዲዎች ታውቀዋል፤ ሁሉም በአንድነት ሲመረመሩ በአውሮፓውያን ዘንድ ሕመሙ አዲስ ከተገኘባቸው 10 ሰዎች በ9ኙ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት ቢያንስ አንዱ ይታያል።

እኛም በውጭ አገር ስንማር የተማርነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የሌሎች ሕዝቦች ደም በተመረመረ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በ1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፥ በብሩክሊን፥ አንዳንድ ጥቍር አሜሪካውያን በብርቱ የስኳር መመረዝ ታመው ከመጡ በኋላ አንቲቦዲ እንደሌላቸው፥ ውሎ አድሮም ያለ ኢንሱሊን ለመኖር እንደ ቻሉ ተጻፈ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆሽትን የሚያጠፋና አንቲቦዲ የማይታይበት ሌላ ዐይነት ገለጡ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው በ2025 ዓ.ም. የወጣው ነው፤ በካሜሩን፥ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ በወጣትነታቸው ከታመሙት 894 ሰዎች መካከል ከመቶ 65 የሚያህሉት የታወቁት አንቲቦዲዎች አልተገኙባቸውም። በአሜሪካ ከሚኖሩት ጥቍሮች ግን እንደዚህ ያሉት ከመቶ 15 ያህል ብቻ ናቸው።

በአገራችንም ከጎንደር የወጡት ጥናቶች ኢንሱሊን የሚያሻቸው የገጠር ሕሙማን በብዛት ድኆች፥ ወንዶችና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ የአውሮፓ መጻሕፍት ከሚሥሉት ሕፃን ጋራ አይመሳሰሉም። የልጅነት ረኀብ በቆሽት ላይ ያደረሰው ጕዳት ይሆን? ብዙ ሊቃውንት ወደዚህ ያዘነብላሉ፤ እኛም ከእነርሱ ጋራ ነን። ነገሩን ሁሉ በዘር ብቻ መግለጽ ግን ስሕተት ይመስለናል፤ አንድ ዘር የምንለው ሕዝብ በደጋና በቈላ፥ በጥጋብና በችግር ተለያይቶ ያድጋልና።

ይህ ነገር የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። አንድ ሐኪም «አንቲቦዲ የለበትም» ብሎ ከአንድ ወጣት ኢንሱሊን ቢያቋርጥ፥ ሕዋሳቱ በእርግጥ ጠፍተው እንደ ሆነ ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በሌላ በኩል ኢንሱሊን የማያሻው ሰው ዕድሜ ልኩን ሲወጋ ይኖራል። ስለዚህ የአንቲቦዲ ምርመራ ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይገባውም፤ ቆሽቱ ራሱ የሚሠራውን ኢንሱሊን የሚያሳየው ሲ ፔፕታይድ የተባለው ምርመራ ሊታከልበት ይገባል። ምርመራው በማይገኝበት ስፍራ መርፌው ሐኪም ሳያይ እንዳይቋረጥ እናሳስባለን።

መምህራንም ከክፍላቸው ደጋግሞ ለሽንት የሚወጣ፥ ውኃ የማይጠግብና የሚከሳ ተማሪ ቢያዩ፥ በሰነፍነት ከመቈጣታቸው በፊት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።