ቆሞ የከረመ የናፍጣ ሞተር

አንባቢ ሆይ፤ ወራት ቆሞ የከረመ የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ቢንገጫገጭና ነጭ ጢስ ቢያወጣ፥ «አርጅቷል» ብለህ ለመፍረድ አትቸኩል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው በፒስተን ተጨምቆ የጋለ አየር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ናፍጣው ነው። ከሰልባትዮው ግርጌ የተጠራቀመውን ውሃና ዝቃጭ አፍስስ፤ ፊልትሮውን ለውጥ፤ በቱቦው ውስጥ የገባውንም አየር አስወጣ።

አሁንም ካልተስተካከለ፥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የየኖዝሉን ቱቦ ዳዶ ተራ በተራ ጥቂት አላላና መልሰህ አጥብቅ። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፥ ሕመምተኛው ያ ሲሊንደር ነው። ነገር ግን በግፊት የሚፈናጠር ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባልና እጅህን አርቅ፤ መነጽርም አድርግ።

ሞተር ማውረድ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሥራ አይደለም፤ እህል ተሸክመው የመጡት ሴቶች በደጅ ይጠብቃሉና።