ከማሳው እስከ ምሳ ዕቃው፦ ለተማሪው ልጅ ጤናማና ርካሽ ስንቅ አዘገጃጀት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በገጠር ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ብዙ ጊዜ ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዛል። ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ የሚቀምሰው ቢኖር ትናንት ያደረ እንጀራ ወይም አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 6 ወይም 7 ሰዓት ድረስ ሆዱ ባዶ ነው። የራበው ልጅ ሰሌዳውን ያያል እንጂ የተጻፈውን አይከተልም፤ ያንቀላፋል፤ ውሎ አድሮም ከትምህርቱ ይቀራል። መምህሩ ሰነፍ ነው ይለዋል፤ ወላጁም ከብት ቢጠብቅ ይሻለዋል ብሎ ያስቀረዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን የጎደለው አንድ ወይም ሁለት እፍኝ እህል ሆኖ ይገኛል።

እኛ የእርሻ ባለሙያዎች ምርትን የምንለካው በኩንታል ነው። የምርቱ የመጨረሻ ፍሬ ግን በልጁ ሰውነትና አእምሮ ላይ የሚታየው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ቤተሰብ በራሱ ማሳና ጓሮ ከሚያገኘው ምርት ለተማሪው ልጅ ጤናማና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የምሳ ስንቅ እንዴት ሊያዘጋጅ እንደሚችል እንገልጻለን።

ሀ. የልጁ ፍላጎት ምን ያህል ነው?

የ7 ዓመት ልጅ በቀን በአማካይ ከ1500 እስከ 1700 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ሰጪ ምግብና ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ስንቁ የዚህን አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሸፍን መልካም ነው። ይኸውም ከ500 ኪሎ ካሎሪ ያላነሰ መሆኑ ነው። 100 ግራም የእህልና የጥራጥሬ ቆሎ 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። በዚህ ላይ አንድ እንቁላል፣ ጥቂት ለውዝ ወይም አንድ ሙዝ ቢታከልበት ወደሚፈለገው መጠን ይቀርባል። የቀረውን ማለዳና ማታ በቤት የሚበላው ያሟላዋል።

ለ. እህልን ከጥራጥሬ ማጣመር

ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ኃይል ሰጪዎች ናቸው። የፕሮቲን ይዘታቸው ግን ከመቶ 9 እስከ 12 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ቦሎቄ ደግሞ ከመቶ 20 እስከ 25 ፕሮቲን አላቸው። በላይሲን የበለጸጉ ሲሆኑ የሚያንሳቸው ሜታዮኒን የተባለው ነው፤ እሱ ደግሞ በእህሎቹ ውስጥ ይገኛል። ስለሆነም ሁለቱ ሲጣመሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በአገራችን ለረጅም ጊዜ የታወቀው ፋፋ የተሠራውም በዚሁ መሠረት፣ እህልን፣ ጥራጥሬንና የወተት ዱቄትን በማደባለቅ ነው።

በሥራ ላይ የሚውለው መጠን ቀላል ነው፤ 2 እጅ እህል ለ1 እጅ ጥራጥሬ። ጣሳም ሆነ ሲኒ መስፈሪያ ሊሆን ይችላል። አኩሪ አተር ፕሮቲኑ ከሌሎቹ እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል 4 እጅ እህል ለ1 እጅ አኩሪ አተር ይበቃል። ይሁን እንጂ አኩሪ አተር በጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ነገር ስላለበት፣ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ መቆላት ይኖርበታል።

እንሰት አብቃይ በሆኑ አካባቢዎች የሚገኘው ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ለልጅ የሚቋጠር ቆጮ ያለ ቦሎቄ፣ ያለ አይብ ወይም ያለ እንቁላል ብቻውን መሄድ የለበትም።

ሐ. የአንድ ልጅ የዓመት ስንቅ ስሌት

ብዙ ወላጆች “አቅም የለንም” ይላሉ። በመሆኑም የልማት ሠራተኛው የሚከተለውን ስሌት በእህል ሰፍሮ ማሳየት ይችላል።

በቀን 70 ግራም እህልና 30 ግራም ጥራጥሬ ለአንድ ልጅ ይቋጠር እንበል። የትምህርት ቀኖቹ በዓመት 200 ቢሆኑ፦

1. እህል 70 ግራም በ200 ቀን = 14 ኪሎ ግራም
2. ጥራጥሬ 30 ግራም በ200 ቀን = 6 ኪሎ ግራም
3. ድምር = 20 ኪሎ ግራም

በመልቀምና በመቁላት የሚቀንሰው ሲታሰብ 23 ኪሎ ግራም ይያዝ። ይህም ከሩብ ኩንታል ያነሰ ነው። በሄክታር 20 ኩንታል በሚሰጥ ማሳ 23 ኪሎ ግራም ለማግኘት የሚያስፈልገው መሬት 115 ካሬ ሜትር፣ ማለትም በግምት 10 በ12 ሜትር የሆነ ቁራሽ ነው። ከግማሽ ሄክታር በላይ የሚያርስ ገበሬ ይህን ያህል ለልጁ መለየት አያቅተውም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ጊዜው ነው። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ሲሆን፣ በአብዛኛው የመኸር አብቃይ አካባቢ መስከረም ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። አዲሱ ሰብል እስኪደርስ ልጁ ባዶ እጁን ይሄዳል። በሌላ በኩል ጥራጥሬና እንቁላል ገንዘብ ስለሚያመጡ አስቀድመው ገበያ ይወጣሉ፤ በቤት የሚቀረው በቆሎው ወይም ማሽላው ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜም እንቁላሉ ተሸጦ በገንዘቡ ለልጁ ብስኩት ይገዛለታል። ብስኩት በአመዛኙ ዱቄትና ስኳር በመሆኑ ይህ ልውውጥ ለልጁ ኪሳራ ነው።

መፍትሔው የልጁን ድርሻ ከአውድማ ሳይወጣ መለየት ነው። ምርቱ ተወቅቶ ሲሰፈር 23 ኪሎው በተለየ ከረጢት ይግባ፤ ከዚህም ቢያንስ ሲሶው እስከሚቀጥለው መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር እንዲቆይ ይታሰር። ይህን ባልና ሚስት አብረው ቢወስኑት ይጸናል። ከረጢቱን የሚጠብቁት እናት ብቻ ከሆኑና የሚሸጡት አባት ከሆኑ ግን ስንቁ ከጥር ገበያ አያልፍም።

መ. ለስንቅ የሚስማሙ ምግቦች

የልጅ ስንቅ ከ4 እስከ 5 ሰዓት በቦርሳ ውስጥ ስለሚቆይ ደረቅ ያለና የማይበላሽ መሆን አለበት። ወጥ የበዛበት ፍትፍት በተዘጋ ምሳ ዕቃ ውስጥ በሙቀት ሲቆይ ይበላሻል፤ ሆድም ያሳምማል። ለአምስቱ የትምህርት ቀናት የሚከተለውን እንደ ምሳሌ አቅርበናል፤ እንደየአካባቢው ምርት ሊለዋወጥ ይችላል።

ሰኞ፦ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፤ አንድ ሙዝ ወይም ብርቱካን።

ማክሰኞ፦ የበሶ ጭብጦ። 2 እጅ የበሶ ዱቄትና 1 እጅ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤና ጨው ይታሻል። ውሃ መጨመር ካስፈለገ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ረቡዕ፦ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ። ማለዳ ተቀቅሎ ውሃው በደንብ ይጠንፈፍ፤ የተቆላ ሱፍ ወይም ሰሊጥ ተወቅጦ ቢነሰነስበት ስብና ጣዕም ይጨምራል።

ሐሙስ፦ ከ3 እጅ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄትና ከ1 እጅ የተቆላ የአተር ዱቄት የተጋገረ ቂጣ፤ በደንብ የተቀቀለ አንድ እንቁላል። እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይያዝ፤ የሚላጠው ሲበላ ነው።

ዓርብ፦ የተቀቀለ ብርቱካናማ ስኳር ድንችና አንድ እፍኝ የለውዝ ቆሎ።

በረቡዕና በዓርብ የተመለከቱት ምግቦች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ በመሆናቸው በጾም ቀንም ያገለግላሉ።

ስለ ስኳር ድንቹ አንድ ነገር እንጨምር። ነጩ ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። በምርምር የተለቀቁት እንደ ኩልፎና አላሙራ ያሉ ብርቱካናማ ዝርያዎች ግን በዚህ የበለጸጉ ናቸው። 125 ግራም ያህሉ፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ሥር፣ የአንድን ትንሽ ልጅ የዕለት የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል። ቫይታሚኑ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ጥቂት ስብ ስለሚያስፈልገው ከለውዝ ጋር ያጣመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

የልጁ ዕድሜም መታየት አለበት። ከ6 እስከ 7 ዓመት ያለ ልጅ የወተት ጥርሱ የሚነቃነቅበትና የሚወልቅበት ጊዜ ነው። ጠንካራ ቆሎ ቢቋጠርለት ማኘክ ስለማይችል ሳይነካው ወደ ቤት ይመልሰዋል ወይም ለጓደኞቹ ያድለዋል፤ ወላጁም ጠግቦ ነው ይላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ያው ቆሎ ተፈጭቶ በበሶ መልክ ይዘጋጅለት። ከ5 ዓመት በታች ላሉት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ደግሞ ያልተፈጨ ለውዝና ጠንካራ ቆሎ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥ።

ሻይን በሚመለከት፣ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት እንዳይወሰድ ያግዳል። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ዘይቱንና ቲማቲም ግን ያግዛሉ። ስለዚህ ከምግቡ ጋር በላስቲክ ጠርሙስ ሻይ ከመያዝ ንጹሕ ውሃ መያዝ ይበልጣል።

ሠ. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

1. ሻጋታ፦ የሻገተ ለውዝና በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። መርዙ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በመቁላትም ሆነ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተው ተለቅሞ ይጣል እንጂ “ለልጅ ቆሎ ይሆናል” ተብሎ አይለይ። በቆሎ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ከመቶ 13 እስኪደርስ ወይም ከዚያ በታች እስኪወርድ ይድረቅ፤ ለውዝ በመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ይሰጣ። አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢት ነቀዝን ያለ ኬሚካል ስለሚከላከል ለስንቅ እህል ተመራጭ ነው።

2. ጓያ፦ ርካሽ ስለሆነ በሽሮና በቂጣ ይደባለቃል። ዘወትር ከተበላና ሌላ ምግብ ከጠፋ እግርን የሚያሽመደምድ፣ የማይድን በሽታ ያመጣል። ለልጅ የዕለት ስንቅ አይሁን።

3. ቦሎቄ፦ ሌሊቱን ከተዘፈዘፈ በኋላ ውሃው ይደፋ፤ በአዲስ ውሃ በደንብ እስኪበስል ይፍላ። ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ያስመልሳል፤ ያስቀምጣልም።

4. የተቀባ ዘር፦ ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር መድኃኒት አለበት። ታጥቦም ቢሆን ምግብ አይሆንም። እንደዚሁም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ፣ ጀሪካንም ሆነ ጣሳ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃም ለምግብም አያገለግልም።

5. ንጽሕና፦ ምሳ ዕቃው በየማታው በሳሙና ይታጠብና በፀሐይ ይድረቅ፤ የሚቋጠርበት ጨርቅም እንደዚሁ። ልጁ ከመብላቱ በፊት እጁን እንዲታጠብ ይልመድ። ከትናንት የተረፈ ስንቅ ተመልሶ አይቋጠር።

ረ. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ማኅበራት በዚህ ሥራ ጠቃሚ ድርሻ አላቸው። 300 ተማሪዎች ያሉበትን ትምህርት ቤት ብንወስድ፣ ከላይ በሰጠነው ስሌት የዓመቱ ስንቅ 42 ኩንታል እህልና 18 ኩንታል ጥራጥሬ ያህል ይሆናል። ይህን መጠን አንድ መሠረታዊ ማኅበር ከአባላቱ ሊሰበስበው ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ፦

— በአጨዳ ወቅት ጥራጥሬ ገዝቶ በማስቀመጥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለአባላቱ በመጠነኛ ዋጋ ቢያከፋፍል፤
— ወፍጮ ካለው የእህልና የጥራጥሬ ድብልቅ ዱቄት በሳምንት አንድ ቀን ቢፈጭ፤
— ድርብ ከረጢት፣ አዮዲን ያለው ጨውና ብርቱካናማ የስኳር ድንች ቁርጥራጭ ዘር ቢያቀርብ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል።

የምገባ ፕሮግራም ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማኅበራት አቅራቢ ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በተጀመረው፣ በአካባቢ ምርት ላይ በተመሠረተው የትምህርት ቤት ምገባ፣ እህልና ጥራጥሬ ከአካባቢው ማኅበራት መገዛት ጀምሯል። በዚህ አሠራር ገበያውም ምሳውም በአንድ አካባቢ ይገናኛሉ። ለዚህ ግን ምርቱ የተለቀመ፣ የደረቀና ከሻጋታ የጸዳ መሆን ይኖርበታል።

ሰ. ለልማት ሠራተኛው

በማሠልጠኛ ማዕከሉ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በውቂያ ወቅትና ነሐሴ ሲጋመስ፣ የስንቅ አዘገጃጀት ማሳያ ይደረግ። በመጀመሪያው እህሉ ከአውድማ ተለይቶ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ከረጢቱ ተፈትቶ እህሉ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይቀመሳል። ማሳያው ለእናቶች ብቻ የተተወ ከሆነ ውጤቱ ግማሽ ነውና አባቶችም ይጠሩ። ልጆቹ ራሳቸው ቀምሰው የወደዱት ይመረጥ፤ ልጅ ያልወደደው ስንቅ ምንም ያህል ፕሮቲን ቢኖረው ተመልሶ ይመጣልና።

የልማት ሠራተኛው ማሳ ሊጎበኝ በሄደበት ቤት ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ “ልጁ ዛሬ ምን ቋጥሮ ሄደ?” መልሱ “ምንም” ከሆነ ከጎተራው ውስጥ ሽምብራ አለ ወይ፣ ዶሮ አለች ወይ፣ ጓሮው ምን አለበት እያለ ይቀጥል። በብዙ ቤት ለስንቁ የሚሆነው ነገር አለ፤ የቀረው ለይቶ ማስቀመጥና ማለዳ መቋጠር ነው።