የመንጠቆው ማባበያ የነገውን ምርት እንዳያጠፋ

በዝዋይ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ መንጠቆ የሚያዘጋጅ ዓሣ አጥማጅ የሚያሳስበው የሚይዘው አምባዛ ብቻ አይደለም። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ትንሽ ዓሣም ሊያሳስበው ይገባል። ደምበል ተብሎም የሚጠራው ይህ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ጥልቀቱ አሥር ሜትር የማይሞላ ሲሆን፣ ቆሮሶና አምባዛ ከታወቁት ዓሣዎቹ መካከል ናቸው።

ቆሮሶ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚገኙ ደቂቅ ዕፅዋትን ስለሚመገብ ሥጋ በተሰካበት መንጠቆ እምብዛም አይያዝም፤ የሚያዘው በመረብ ነው። አምባዛ ግን ሌሊት በሐይቁ ወለል እየተዘዋወረ በጢሞቹና በማሽተት ችሎታው ሥጋ ይፈልጋል። በመሆኑም ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ይሰበሰባል። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለው ልዩ አካል አየር ለመተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ከወጣም በኋላ ለረጅም ሰዓት በሕይወት ይቆያል።

ማባበያው በሁለት መንገድ ይሰካል። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ሲሆን መንጠቆው በከንፈሩ ወይም ከጀርባው ክንፍ ሥር ባለው ሥጋ በኩል ያልፋል። አከርካሪው ከተነካ ዓሣው ወዲያው ስለሚሞት እንቅስቃሴው ይቀራል። ቁራጭ ሲሆን ደግሞ ዓሣው በአግድም ይቆረጥና መንጠቆው ቆዳውን ጭምር በስቶ ይወጣል፤ ሥጋው ብቻውን ከተሰካ በውሃ ርሶ ይረግፋልና። በሁለቱም መንገድ የመንጠቆው ሹል ጫፍ ከሥጋው ውጭ መታየት አለበት። ገመዱ ወደ ወለሉ እንዲወርድም እርሳስ ወይም ድንጋይ ይታሰርበታል።

ዋናው ችግር ለማባበያ የሚውለው ዓሣ ምንነት ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ በመሆኗ በአንድ ጊዜ የምታፈራው ብዙ አይደለም። መቶ መንጠቆ ያለው አንድ ገመድ በየሌሊቱ መቶ የቆሮሶ ጫጩት ቢሰካበት በወር 3,000 ይጠፋል ማለት ነው። እነዚህ ጫጩቶች ቢያድጉ ኖሮ የመረቡ ምርት ይሆኑ ነበር። በአንጻሩ አንድ ዓሣ ለአምስት ቢቆረጥ ለመቶው መንጠቆ ሃያ ዓሣ ይበቃል። ዓሣ ሲታረድ የሚጣለው ጭንቅላትና የሆድ ዕቃም ለአምባዛ ጥሩ ማባበያ ነው።

ከዚህም ሌላ በሕይወት ያለ ዓሣን ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ለማባበያ ማጓጓዝ በሽታንና ያልተፈለገ የዓሣ ዘርን ሊያዛምት ስለሚችል መወገድ ይኖርበታል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ ተጠብቆ ጥቅም ላይ እንዲውል ነው።

በዐቢይ ጾም ወቅት የዓሣ ፈላጊው ቁጥር ከፍ ስለሚል አጥማጁም በዚያ ሰሞን የበለጠ ገቢ ለማግኘት ይጣደፋል። ይሁን እንጂ የዛሬው ገመድ የሚሞላው የነገውን መረብ ባዶ በማድረግ መሆን የለበትም። ስለዚህ አጥማጆች ጫጩቱን ለሐይቁ ትተው ለመንጠቆው ቁራጩንና ተረፈ ምርቱን መጠቀም ይጠበቅባቸዋል።